አንቴናውን አላጋድምም

ይድረስ ለወንድሜ ለሮውላንድ፤

እንዴት ሰነበትክ? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? ሚስትህ ማራማስ ወገቧን ተሻላት? ትንሿ ኪሪ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም ጣትህን በድዷ ነው የምታኝከው? የማራማ እናት ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው? እናንተ ዘንድ አሁን ብርድ ነው፤ ባለፈው በላክልኝ ፎቶግራፍ ላይ ሳሎን ተቀምጠህ የሱፍ ኮፍያ አድርገህ አይቼሃለሁና ቤቱን አሙቁት። ስለ ጤናችሁ የጠየቅሁት ከልቤ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ከልቤ ስለሆነ፣ አንዱን ከሌላው እንዳታደባልቀው ብዬ ሰላምታውን አስቀድሜያለሁ።

እኔ በንዴት እንጂ በበሽታ አልተጎዳሁም። አባባ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከደህና በላይ ነው፣ ለምን እንደሆነ ስታነብ ትደርስበታለህ። እማዬ ሃሊፋክስ ፀጉር ቤቷ ውስጥ እየሠራች ነው። እንደምታውቃት ካራቫን አትወድም፤ "ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት እያለኝ በመኪና በሚጎተት ሳጥን ውስጥ ለምን እተኛለሁ?" ብላ ዘንድሮም ቀረች። በስልክ ግን በየቀኑ ታዋጋኛለች።

"አጎታችን ዴዝሞንድን ይቅርታ ጠይቂው። ቃል ብቻ ነው። ምን ይጎድልብሻል? ለአባባ ስትይ" የሚለው መልእክትህ ሐሙስ ደረሰኝ። አራት መስመር ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የእሱን ወገን ሰምተህ የእኔን ሳትጠይቅ፣ ከባሕር ማዶ ተቀምጠህ ፈረድክብኝ። ስልክ ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ በስልክ ግን ታቋርጠኛለህ። ወረቀት አይቋረጥም። ስለዚህ ሻይህን ቅዳና እስከ መጨረሻው አንብብ። ደግሞም ከአሁን በኋላ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ "አጎትህ" እያልኩ ነው የምጽፈው። የእኔ መሆኑን ለጊዜው ትቻለሁ።

ሜዳው ያው የስኬልቤኩ ሜዳ ነው፤ ከወንዙ በላይ፣ ከበጎች ግጦሽ በታች። ዘንድሮም እንደ ልማዱ የማኅበራችን ሠላሳ ሁለት ካራቫኖች በኦገስት መጨረሻ ለሁለት ሳምንት ሰፍረውበታል። አንተ ከሄድክ በኋላ አንድ ነገር ተለውጧል። አባባን ከገና በዓል በኋላ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ አይታዘዘውም፤ ቃልም ከአፉ የሚወጣው እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጠብታ ነው። ሃሊፋክስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በመስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ነው። እዚህ ግን የሠላሳ ዓመት ጓደኞቹ መጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ንግግር አይጠብቁበትም፤ አብረው ኳስ ያያሉ፤ ሲወጡ ትከሻውን መታ ያደርጉታል። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ይህንን ሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ "ለአባባ ስትይ" ብለህ ስትጽፍልኝ፣ ምን ሊወሰድበት እንደነበረ ከእኔ በላይ የምታውቅ አታስመስል።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ ልምጣ። ልጅ ሳለን በዚህ ሜዳ ላይ የዜና አንባቢዋን አፍንጫ በአንድ ጥግ፣ አፏን በሌላ ጥግ እያየን ማደጋችንን ታስታውሳለህ። ምስሉ ይሰባበራል፣ ይቆማል፣ ይጠፋል። ወንዶቹ ይወጣሉ፤ አንቴናውን ልክ ሃሊፋክስ እንደለመዱት ያጋድሙታል፤ ወደ ትልቁ ማሰራጫ ማማ ያዞሩታል፤ "አሁንስ?" እያሉ ይጮኻሉ፤ ከውስጥ "ባሰበት!" የሚል መልስ ይመጣላቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። አንድም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀም። "ምን ይደረግ፣ እረፍት ላይ ነን" ይባባላሉ። ችግርን ታግሶ መኖር እንደ ሞያ የሚቆጠርበት አገር ነው ያለን።

እኔ ያደረግሁት የመንደሩን ጣሪያዎች ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው። በስኬልቤክ ቤቶች ላይ ያሉት አንቴናዎች በሙሉ፣ ዘንጎቻቸው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። የዞሩትም ወደ ትልቁ ማማ አይደለም። ትልቁንማ ማማ ተራራው ሸፍኖታል። የዞሩት ከግጦሹ በላይ ወዳለችው ትንሽ ማሰራጫ ነው። ትንሿ ማሰራጫ ደግሞ ሞገዷን የምትልከው አቁማ ነው። የቆመ ደብዳቤ በተጋደመ የበር ቀዳዳ አይገባም፤ ወይ ደብዳቤውን ታጋድማለህ፣ ወይ ቀዳዳውን ታቆማለህ። ማሰራጫዋን ማጋደም ስለማልችል አንቴናውን አቆምኩት።

ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። አንቴናውን ፈትቼ ሩብ ዙር አዞርኩት፤ ከካራቫኑ ጣሪያ ከፍ እንዲል በረጅም ዘንግ ላይ አሰርኩት፤ ወደ ግጦሹ አቀናሁት። መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ የበሰበሰውን የድሮ ገመድ ጥዬ አዲስ ዘረጋሁ። በልብስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለችውን የሞገድ ማጉያ አጠፋኋት፤ ማሰራጫዋ ቅርብ ናት፣ ቅርብ ለቆመ ሰው መጮህ ማደንቆር ነው። ከዚያም ቴሌቪዥኑ ያጠራቀመውን የድሮ ጣቢያ ሁሉ አጥፍቼ እንደገና አስፈለግሁት። ምስሉ እንደ ታጠበ መስኮት ጥርት ብሎ መጣ። የክሪኬት ጨዋታ ነበር። አባባ አየና ጣቱን ወደ ሜዳው ቀስሮ "ሣሩ" አለ። ሣሩ አንድ በአንድ ይታይ ነበር።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ስኒዋን እንደያዘች አንገቷን በበራችን አስገባች። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ዳኛ ፂም አለው እንዴ? እኔኮ ስንት ዓመት ሳየው ጉም መስሎኝ ነበር!" አለች። በማግስቱ የእሷን አቆምኩላት። እሷ ለጎረቤቷ ነገረች፤ ጎረቤቷ ለባሏ። እስከ ቅዳሜ ማታ ዐሥራ አንድ አንቴና በሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰዎቹ በሻይ በብስኩት፣ በአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በየማለዳው አከበሩን። አባባ በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ ተቀምጦ፣ ሰው ሲመጣ በደህናው እጁ ወደ እኔ ይጠቁማል። "እሷ" ይላል። ሌላ ቃል አላስፈለገውም።

እሑድ አጎትህ በአዲሱ ካራቫን መጣ። ዘንድሮም የሜዳው አለቃ ተብሎ ተመርጧል፤ ያንን ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ፣ ወረቀት በሰሌዳ ላይ ይዞ፣ ከካራቫን ካራቫን ይዞራል። ዐሥራ አንዱን አንቴና ሲያይ ቆመ።

"ማነው እነዚህን ያቆማቸው?" አለ።

"እኔ ነኝ፣ አጎቴ" አልኩት። ያኔ ገና አጎቴ ነበር።

"በማን ፈቃድ?"

"በፊዚክስ ፈቃድ።"

"ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የተማርሽው ለታላቅ እንዲህ መመለስ ነው? በዚህ ሜዳ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ ተጋድሞ ሠርቷል!"

"አርባ ዓመት ተጋድሟል እንጂ አልሠራም" አልኩት።

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ወይዘሮ ዊኒፍሬድማ ሻይዋ ትን እስኪላት ሳቀች። ሮውላንድ፣ ጥፋቴ ይህ ነው። አንቴና አይደለም፣ ሞገድም አይደለም። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ሰው እያለ ሜዳው በእኔ ቃል ሳቀ። የቀረው ሁሉ ከዚያ ሳቅ የተወለደ ነው።

ሰኞ አጎትህ ወደ ከተማ ወርዶ ከገበያ ላይ አንድ ትልቅ የሞገድ ማጉያ ገዝቶ መጣ። "ቆሞ ከመለመን ተጋድሞ መብላት ይሻላል" እያለ ለአላፊ አግዳሚው አሳየ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገጠመው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በሜዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ሁሉ ተሰባበረ። የቆመውም የተጋደመውም፣ የእኛም የወይዘሮ ዊኒፍሬድም። ዳኛው እንደገና ጉም ሆነ።

ማክሰኞ ጠዋት በቧንቧው አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። እንዳለ ገልብጬልሃለሁ፦ "በካራቫን ቁጥር ዐሥራ አራት ባለቤት ልጅ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ የቆሙት አንቴናዎች የሌላውን አባል ሞገድ እየጠጡ ስለሆነ፣ ለሁሉም የሚደርሰው ቀንሷል።" እየጠጡ! ሞገድ በአንድ ቧንቧ የሚመጣ ውሃ መሰላቸው፤ ዐሥራ አንድ ሰው ከላይ ሲቀዳ ታች ያለው የሚደርቅበት። እኔ ፀሐይ ስሞቅ የአንተ ፀሐይ ይቀንሳል? ይህንን ለስንቱ ነገርኩ መሰለህ። ግን ሻይ ለመቅዳት የተሰለፈ ሕዝብ ተራ የማስጠበቅ ነገር ቶሎ ይገባዋል፣ የሞገድ ነገር አይገባውም። በሰልፍ ያደገ ሰው "አንዷ ከተራዋ በላይ ወሰደች" ሲባል ሳያጣራ ያምናል። ትናንት ሳንድዊች ያመጡልን ሰዎች ማክሰኞ በእኛ በር ሲያልፉ ጫማቸውን አዩ።

ረቡዕ በትልቁ ድንኳን ስብሰባ ተጠራ። አምስት የኮሚቴ አባላት ከሻይ ማፍያው ኋላ ተደርድረዋል። ልናገር ስነሣ ጸሐፊው ከትበርት፣ ያ ጡረታ የወጣው ፖሊስ፣ "ቆይ የኔ እህት፣ ተራሽን" አለኝ። ተራዬ ሲደርስ ሰዓቱ አልቋል ተባልኩ። ሦስት ለሁለት ድምፅ ሰጡ። ውሳኔው እንዲህ ነው፦ አንቴናዎቹ ይጋደሙ፤ እኔ ለሜዳው አለቃ በጽሑፍ ይቅርታ ልጠይቅ፤ ይህ እስከ እሑድ እኩለ ቀን ካልሆነ የክሊፎርድ ካራቫን ከሜዳው ይውጣ፤ ለከርሞም አይጠራ። ክሊፎርድ ማለት አባታችን ነው፣ ምናልባት ረስተኸው ከሆነ። በገዛ ወንድሙ አንደበት "የክሊፎርድ ካራቫን" ተባለ። አባባ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰማው። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። ሌሎቹ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ ነከሩ።

ሐሙስ የአንተ አራት መስመር ደረሰኝ። በዚያው ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። አጎትህ ኮሚቴውን ይዞ መንደሩ መጠጥ ቤት ምሳ ሊበላ ሄደ፤ ካራቫኑን ቆልፎ፣ ሁሉን ነገር አጥፍቶ። ከሄደ በኋላ የአባባ ቴሌቪዥን ጥርት አለ። የወይዘሮ ዊኒፍሬድም ጥርት አለ። ሲመለስ ሁሉም ተሰባበረ። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። አጎትህ ውሻውን ሊያናፍስ ሲወጣ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ሲገባ ጻፍኩ። ማታ ካርታ ሊጫወት ሲሄድ ጻፍኩ። ዓርብ ጠዋት ትርፍ አንቴና በእጄ፣ የሞገድ መለኪያዬን በአንገቴ አንጠልጥዬ ሜዳውን ዞርኩ፤ ከመሬት በታች ያለ ውሃን በመንታ እንጨት እንደሚፈልግ ሰው። በሄድኩበት ሁሉ መለኪያው ወደ አንድ በር ጠቆመ፤ ወደ ካራቫን ቁጥር አንድ። ያ ከገበያ የተገዛ ማጉያ ብልሹ ነበር። ከመስማት ይልቅ ራሱ ይጮሃል፤ ጩኸቱ የሠላሳ ሁለቱንም ካራቫን ጆሮ ይደፍናል።

ደብተሬን ይዤ ከትበርት ዘንድ ሄድኩ። ሰዓቶቹን ሁለት ጊዜ አነበበ። ገብቶታል፤ ፖሊስ ነበረ። "ትክክል ሳትሆኚ አትቀሪም" አለኝ። "ግን የኔ ልጅ፣ የሜዳውን አለቃ በሜዳው ሰው ፊት እንዲህ ማለት… ተይው። ቃሏን በይና ይለፍ። እኛ ቤተሰብ ነን።"

"ቤተሰብ ከሆንን ለምን የምንባረረው እኛ ብቻ ነን?" አልኩት። ደብተሬን መለሰልኝ። ያን ጊዜ አጎትህ ከኋላው መጣ። አንድ ደቂቃ ብቻ ማጉያውን እንዲያጠፋ ጠየቅሁት፤ እርስዎ ብዬ፣ በአክብሮት።

"በራሴ ቁም ሣጥን ውስጥ አዛዡ እኔ ነኝ" አለ። "አንቺ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈልጊ፤ እሑድ ቅርብ ነው።"

ስለዚያ ወረቀት ልንገርህ። "ቃል ብቻ ነው" ብለኸኛል። እኛ ምን ዓይነት ሕዝብ እንደሆንን እስቲ አስብ። ሰው እግራችንን ሲረግጠን ይቅርታ የምንለው እኛው ተረጋጮቹ ነን። በር ቢመታን በሩን፣ ወንበር ቢያደናቅፈን ወንበሩን ይቅርታ እንጠይቃለን። በቀን አርባ ጊዜ ይቅርታ ከአፋችን ይወድቃል፤ በሚያስፈልግበት ቀን ግን አንድም ሰው አፉ ውስጥ አያገኛትም። ቃል ብቻ ከሆነች አጎትህ ለምን አላላትም? አርባውን ጊዜ ልበል፤ ለበርም ለወንበርም። ይህችን አንዷን ግን በጽሑፍ፣ ላላጠፋሁት፣ አባባ እያየ፣ አልሰጥም ብያለሁ። እማዬ በስልክ "እጅሽ ይቆረጣል ብትጽፊ!" ነው ያለችኝ። አንተ ደግሞ በአራት መስመር ጻፊ አልከኝ።

ቅዳሜ የራግቢ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። አባባ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ዓመት አምልጦት አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንኳ ነርሷን ለምኖ አይቷል። ጠዋት ስወጣ የአንቴናችን ዘንግ ወድቆ ጭቃ ውስጥ ተጋድሟል። ነፋስ አልነበረም። በዘንጉ ላይ የቦት ጫማ ምልክት አለ። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ አቀናሁት፣ እንደገና አቆምኩት፣ ሁሉም እያየኝ አጥብቄ አሰርኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ከሠላሳ ሁለት ካራቫን የሚሰማው እርግማን ብቻ ነበር። ተጫዋቾቹ እግራቸው እዚህ፣ ጭንቅላታቸው እዚያ። ከአንዱ ካራቫን አንድ ድምፅ "ያቺ ልጅ ጠጣችብን!" ብሎ ጮኸ። ሌላው "አጋድሚው አንቺ!" አለ። አባባ ስክሪኑን ትቶ እኔን አየ። ከዚያ ከዘራውን ፈልጎ ተነሣ።

ልደግፈው ስሮጥ ከዘራውን አንሥቶ አስቆመኝ። ከእኛ በር እስከ ቁጥር አንድ አርባ እርምጃ ይሆናል። ከታመመ ወዲህ ብቻውን ከወንበሩ እስከ መጸዳጃ ቤት ነበር የሚሄደው። ሮውላንድ፣ አርባውንም እርምጃ ሄደ። እርጥብ ሣር ላይ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ሁለት ጊዜ ቆሞ እየተነፈሰ። እኔ ከኋላው ነበርኩ፣ ነገር ግን አልነካሁትም። ሰዎች በየመስኮታቸው ዞር አሉ። የአጎትህን በር ሳያንኳኳ ከፈተው።

"ክሊፍ? ምን ሆንክ?" አለ አጎትህ ከሶፋው ላይ። የእሱም ቴሌቪዥን ግማሹ ስዕል ነው፣ ግማሹ ሳጥን ሳጥን። አባባ አልፎት ሄደ። ማጉያ በካራቫን ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ የሕይወቱን ግማሽ ካራቫን ሲጠግን ኖሯል። ቁም ሣጥኑን በግራ እጁ ከፈተ። ውስጥ አረንጓዴ መብራት ታበራ ነበር። ተጫናት፤ ጠፋች።

ጩኸቱን እንዴት ልጻፍልህ። ከየካራቫኑ በአንድ ጊዜ "እሰይ!" የሚል ወጣ። ወንበር ሲወድቅ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ "ኳሷ ታየችኝ! ኳሷ ታየችኝ!" ስትል ሰማሁ። የአጎትህ ስክሪን ብቻ ጥቁር ሆነ፤ የተጋደመ አንቴናው ያለ ማጉያው ምንም አልነበረውም። አባባ አዳመጠ። ከዚያ መልሶ ተጫናት። አረንጓዴዋ በራች፤ ሜዳው በሙሉ "ኧረ ተው!" ብሎ አቃሰተ። አጠፋት፤ "እሰይ!" አበራት፤ "ኧረ ተው!" ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ፣ እንደ መምህር፣ ሳይቸኩል። በመጨረሻ አጠፋትና ወደ ወንድሙ ዞረ።

"ሰማህ?" አለው።

ጥርት ያለች ቃል ነበረች። አንድም ፊደል አልተሰበረባትም።

ወጥተን ወደ ካራቫናችን ስንመለስ ማንም ይቅርታ አላለንም። እኛ ማን መሆናችንን ነግሬሃለሁ። ግን ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ስድስት የአባባ ጓደኞች ወንበራቸውን ይዘው መጥተው በራችን ላይ ተደረደሩ፤ ጨዋታውን እስከ መጨረሻ አዩ፤ ሲሄዱ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

እሑድ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ቁጥር አንድ ላይ ያለው አንቴና ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወደ ግጦሹ ዞሯል። ሰው ሳይነሣ ብቻውን ወጥቶ አዙሮት መሆን አለበት፤ መሰላሉ ገና በጤዛ እርጥብ ነበር። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የማክሰኞው ወረቀት የለም። በቦታው ሌላ ተለጥፏል፦ "የቴሌቪዥን ችግሩ በአየር ጠባይ ምክንያት የነበረ ሲሆን አሁን ተወግዷል። የረቡዕ ውሳኔ ተነሥቷል። ኮሚቴው።" እኔ ሌባ የተባልኩበት ወረቀት ስሜን ሳያጸዳ ጠፋ፤ ጥፋተኛው የአየር ጠባይ ሆነ። እስክሪብቶ አወጣሁና ከሥሩ "የአየር ጠባዩ የሚኖረው በካራቫን ቁጥር አንድ ነው" ብዬ ጻፍኩ፤ ፈርሜበታለሁ።

ከትበርት እየሮጠ መጣ። "ምነው የኔ እህት፣ ውሳኔው ተነሣ አይደል? አባትሽም ቦታውን አላጣም። ምን ቀረሽ? ሰርዢው።"

"የምሰርዘው የሰደበኝ ወረቀት በተለጠፈበት ቦታ የሚክሰኝ ወረቀት ሲለጠፍ ነው" አልኩት። እስከ አሁን አልተለጠፈም። የእኔ ጽሑፍም እስከ አሁን አልተሰረዘም። ሰዎች ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ ያነቡታል፤ ፈገግ ይላሉ፤ እኔን ሲያዩ ፈገግታቸውን ይውጣሉ። ይዋጡት።

ዛሬ ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው። ሌላው ሰው ሳይሄድ አንሄድም ብያለሁ፤ የተባረርን እንዳይመስል። ጠዋት ቧንቧው ዘንድ አጎትህ ውሃ ቀድቶ በርሜሉን ወደ እኔ እያንከባለለ መጣ። ሙሉ በርሜል ነው። ሰሌዳውን እንዳያይ ወደ ሌላ እያየ ስለነበር እግሬ ላይ ወጣብኝ።

"ውይ፣ ይቅርታ የኔ ልጅ" አለ፤ እንደ ልማዳችን፣ ሳያስብ።

በርሜሉን በእጄ ያዝኩት። "ለየቱ?" አልኩት። "ለእግሬ ነው ወይስ ለሰሌዳው?"

ከኋላችን አራት ሰዎች ተሰልፈው ነበር። አጎትህ በርሜሉን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ሰልፉን አየ። ፊቱ ቀላ። "ለእግርሽ" አለ።

"እግሬ ይቅር ብሎታል" ብዬ በርሜሉን ለቀቅሁለት።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። ለማራማ ከልብ ሰላም በልልኝ፤ ወገቧን እንድትጠነቀቅ፣ አንተም ሕፃኗን ተቀብላት። ለእናቷ ለጉልበታቸው የሚሆን የሱፍ ሹራብ ጀምሬላቸዋለሁ። ኪሪን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ስታድግ አክስቷ የቆመ አንቴና ይዛ ከሠላሳ ካራቫን ጋር እንደተጣላች ንገራት። ውሻችሁንም ጆሮውን እከክልኝ። አባባ ሰላም ብሎሃል፤ "ሮውላንድ" የምትለውን ቃል ለማውጣት ብዙ ታግሎ አውጥቷታል፣ በከንቱ እንዳትወስዳት። እማዬ አንተን ለብቻህ የምትነግርህ አላት፤ ስልኩን አንሣ።

ለአንተ ከእኔ ያለው ሰላምታ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ እዚህ አስቀምጬልሃለሁ። መልስ ስትጽፍ ይቅርታ የምትለዋን ቃል ከላይ ጣል አድርገህ እንዳታልፍ። ለየቱ እንደሆነ ጥቀስ።

እህትህ ኢሞጄን

ስኬልቤክ፣ የማኅበሩ ሜዳ፣ ካራቫን ቁጥር ዐሥራ አራት
ሰኞ፣ ኦገስት 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.